ያልተለካው ሃምሳ ሰባት

ክልሉ ገና ክልል ስድስት በሚባልበት ዘመን፣ አሶሳ ላይ ሁለት ክፍል ያላት የቆርቆሮ ቤት የውሃ መመርመሪያ ሆና ተከፈተች። ላቦራቶሪ ስላችሁ ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንደኛው ክፍል ቢሮም መጋዘንም ነው። በሌላኛው አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ ውሃ ማጣሪያ፣ በባትሪ የሚሠራ አንድ መለኪያና ከእርዳታ ድርጅት የተላኩ አራት ኤሌክትሮዶች አሉ። የሚሠሩባትም ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ኃላፊው አቶ ገረሱና ከፍኖተ ሰላም ተመድቦ የመጣው ወጣቱ ኬሚስት ለገሰ።

ኤሌክትሮዱ እስክሪብቶ የሚያህል ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ስስ ሽፋን አለው። ውሃ ውስጥ ሲነከር፣ እዚያ ከሟሟው ነገር ሁሉ መርጦ አንዱን ብቻ ይሰማል ይባላል። ፍሎራይድ የሚመርጠው የፍሎራይድ፣ ናይትሬት የሚመርጠው የናይትሬት ተብሎ ይጠራል። አቶ ገረሱ ግን ይህችን «ይባላል» የምትል ቃል አይወዷትም ነበር። የነጆ ሰው ናቸው፤ ጸሎተኛ፣ ዝምተኛ፣ በሥራ ቀልድ የማያውቁ። «ካርቶኑ ላይ ያለው የነጋዴ ስም ነው» ይላሉ። «የናይትሬት ይባል እንጂ ጨው ሲበዛበትም ይደናገራል። እኛ ጋ ስሙን በየጠዋቱ ሠርቶ ያገኛል።»

ሠርቶ የሚያገኘውም እንዲህ ነው። ሁለት ውሃ ይዘጋጃል፤ ያንደኛው ናይትሬት የሌላኛውን አሥር እጥፍ ነው። ኤሌክትሮዱ ካንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ሃምሳ ስምንት ያህል መዝለል አለበት። ሃምሳ ሰባት ደግ ነው፤ ሃምሳ አምስትም ይሁን ግድ የለም። ከሃምሳ ከወረደ ግን ኤሌክትሮዱ ደክሟል፣ የሚናገረው አይታመንም ማለት ነው። የተገኘው ቁጥር ከነቀኑ በትንሽ ካርድ ላይ ይጻፍና በክር አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። የዕለቱ ካርድ የሌለውን ኤሌክትሮድ አቶ ገረሱ በስሙ አይጠሩትም። «ይሄን አስቀምጠው» ነው የሚሉት፣ «ይሄን»፣ እንደማያውቁት ሰው።

ለገሰ መጀመሪያ ሰሞን ይስቅባቸው ነበር። ኋላ ላይ ግን ለመደው፤ እንዲያውም ወደደው። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ እንዲህ ባልከበደኝ ነበር።

በሰማንያ ዘጠኝ ሚያዝያ ላይ አቶ ገረሱ ለስብሰባ ግልገል በለስ ሄዱ። እሳቸው በሄዱ በማግሥቱ የከተማው ጄኔሬተር ተበላሸ። መብራት ከጠፋ ማጣሪያው አይሠራም፤ የተጣራ ውሃ ከሌለ ደግሞ እነዚያ ሁለቱ የመፈተኛ ውሃዎች አይዘጋጁም። ለገሰ ሰኞ ዕለት በቀረችው ጥቂት የተጣራ ውሃ የናይትሬቱን ኤሌክትሮድ ፈተሸው፤ ሃምሳ ሰባት። ካርዱ ላይ ጻፈ። ማክሰኞና ረቡዕ ናሙና ስላልመጣ እጁን አጣጥፎ ዋለ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ወደ መንጌ የሚመላለሰው መኪና ሾፌር ቢሻው አንድ ጠርሙስ ውሃና አንድ ደብዳቤ ይዞ ገባ። ውሃው ከመንጌ ወዲያ ካለች መንደር ነው። የመንደሯን ስም እተወዋለሁ፣ ሰዎቹ እዚያው ናቸው። ከአራት ወር በፊት የእጅ ፓምፕ ተተክሎላቸዋል፤ ውሃው ግን ተመርምሮ አያውቅም፣ ምክንያቱም ያኔ መርማሪ የሚባል ነገር አልነበረም። የጤና ረዳቱ ደብዳቤ አጭር ነው። የአርባ ቀን ሕፃን ከንፈሩ ጠቁሮ ሞቷል፤ እናትየው እየታመመች በስኳር የተበጠበጠ የፓምፕ ውሃ ስትሰጠው ነበር፤ እባካችሁ ውሃውን እዩልን ይላል።

ለገሰ ደብዳቤውን ሲያነብ ክው አለ። ናይትሬት ከሰውና ከከብት እዳሪ ወደ ጉድጓድ የሚሰርግ ነገር ነው፤ ትልቅ ሰውን እምብዛም አይጎዳም፣ የጨቅላን ደም ግን አየር እንዳይሸከም ያደርገዋል። ከንፈር ይጠቁራል የሚለውን ትምህርት ቤት ተምሮታል።

«መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ መንጌ ይመለሳል» አለው ቢሻው። «ከዚያ በኋላ የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ነው። ወረቀት ካለህ ስጠኝ።»

አሥራ አምስት ቀን። ስንት ሕፃን ይጠጣበታል? ለገሰ ኤሌክትሮዱን አነሳ። ካርዱ የሰኞ ነው። ያለ ዕለቱ ቁጥር ውጤት እንደማይወጣ ያውቃል፤ ማንም ሊነግረው አይገባም። ግን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሦስት ቀን ነው፣ ምን ይሆናል ብሎ አሰበ። ካርዱን ገለበጠና በንጹሑ ገጽ ላይ የሐሙስን ቀን፣ ከጎኑም ሃምሳ ሰባት ብሎ ጻፈ።  ከዚያ ጠርሙሱ ውስጥ ነከረው፣ ቁጥሩን አነበበ፣ ሰኞ ከሁለቱ የመፈተኛ ውሃዎች ባገኘው መስመር ላይ አሰላ። ስድሳ ስምንት መጣ። ናይትሬቱ በሊትር ከሃምሳ ሚሊግራም የበለጠ ውሃ ለሕፃን አይሰጥም።

ውሃው ሰው ገዳይ ነው ማለት ነው። ልንገራችሁ አይደል፣ ልጁ በዚያች ሰዓት ደስ ብሎታል። ክፉ ደስታ አይደለም፤ የሚያስፈልግ ሰው የመሆን ደስታ ነው። ቅጹን መሙላት ጀመረ። መጨረሻ ላይ «የብክለቱ ምንጭ» የሚል ባዶ ቦታ አለ።

«ከጉድጓዱ አጠገብ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀው።

«የኢዘዲን ቤት ነዋ። መሬቱን ለፓምፑ የሰጠው ሰውዬ። ፍየሎች አሉት፣ መጸዳጃም ቆፍሯል።»

«ከጉድጓዱ በላይ ነው በታች?»

«እኔ ምን አውቄ ወንድሜ፣ ሾፌር ነኝ።»

ለገሰ ሰዓቱን አየ። «ከጉድጓዱ በላይ በኩል የሚገኘው የአቶ ኢዘዲን መጸዳጃና የፍየል በረት» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን መታበት። ቢሻው ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ሄደ። ቅዳሜ ዕለት የፓምፑ እጀታ ተነቅሎ አፉ በሰንሰለት ታሰረ።

አቶ ገረሱ በአሥረኛው ቀን ተመለሱ፤ መብራቱም በዚያው ሰሞን መጣ። የመጀመሪያ ሥራቸው ኤሌክትሮዶቹን መፈተሽ ነበር። የናይትሬቱ አርባ ሦስት ላይ ቆመ። ካርዱን አገላብጠው አዩት።

«ሰኞ ሃምሳ ሰባት፣ ሐሙስ ሃምሳ ሰባት፣ ዛሬ አርባ ሦስት። እንዴት ነው በአንዴ የወደቀው?»

«ሽፋኑ ደርቆ ይሆናል» አለ ለገሰ።

አቶ ገረሱ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። ሽፋኑን ቀየሩት፣ ሃምሳ ስምንት አገኙ፣ የሐሙሱን ውጤት ቅጂም አንብበው ከሥሩ ፈረሙ። ለገሰ ያን ፊርማ አየው።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ቢሻውን «ለማነጻጸር ነው» ብሎ ዋሽቶት፣ የፓምፑ እጀታ ለአፍታ ተገጥሞ ከዚያው ጉድጓድ ሌላ ጠርሙስ ውሃ እንዲመጣለት አደረገ። አቶ ገረሱ ለምሳ በወጡበት ሰዓት፣ በዕለቱ በተፈተሸው ኤሌክትሮድ ለካው። አሥራ ዘጠኝ። እንደገና ለካው፤ አሥራ ዘጠኝ። ውሃው ደህና ነበር። ደካማው ኤሌክትሮድ ነው ያንን ሁሉ የተናገረው፤ ያናገረው ደግሞ እሱ ነው።

ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልተናገረም? የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ቋሚ ልሁንና እናገራለሁ አለ። የሐሰት ቁጥር ጻፈ ተብሎ ቢባረር ፍኖተ ሰላም ምን ብሎ ይገባል? ሰዎቹ ጅረት አላቸው፣ ድሮም ከዚያ ነበር የሚጠጡት አለ። ሰው ራሱን ሲያታልል ቃል አያጥረውም። አሥራ ዘጠኝ የጻፈባትን ወረቀት አጣጥፎ መታወቂያው ውስጥ ከተታት፤ መታወቂያውን ባወጣ ቁጥር ያያታል፣ ባያት ቁጥር ያፍራል፣ መልሶ ይከታታል።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የቋሚነት ደብዳቤው መጣለት። ቢሻው «አንበሻብሸን እንጂ» ብሎ ምግብ ቤት ይዞት ገባ። ጥብስ ታዘዘ። ቢሻው አፉ አያርፍም፤ የመንገዱን ጭቃ፣ የሸርቆሌን ገበያ ዋጋ፣ የመንጌን ወርቅ ሲያወራ ቆየና «ያ ኢዘዲን አሳዘነኝ» አለ።

«ምን ሆነ?»

«ቤቱን አፈረሰዋ። ማንም አፍርስ አላለውም እኮ። ብቻ ሰላምታ ነፈጉት። ለሰርግ አይጠሩት፣ ለቅሶ ሲሄድ ቦታ አይለቁለት። በመጨረሻ በገዛ እጁ ነቀለው፣ ፍየሎቹን ሸጠ፣ ከጅረቱ ማዶ ብቻውን ሄዶ ጎጆ ቀለሰ። ሕፃኑን የገደልኩት እኔ ነኝ ይላል አሉ። ሰዉም ይኸው ከጅረት እየጠጣ በተቅማጥ አለቀ።»

ለገሰ የያዘውን ጉርሻ ሰሃኑ ላይ መለሰው። ቢሻው አሞህ ነው ወይ ሲለው ተነስቶ ወጣ። እግሩ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ላቦራቶሪው ወሰደው።

አቶ ገረሱ ጠርሙስ እያጠቡ ነበር። ለገሰ ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው፤ ካርዱን፣ ሃምሳ ሰባቱን፣ አሥራ ዘጠኙን፣ ያላየውን መጸዳጃ «በላይ በኩል» ማለቱን፣ ኢዘዲን ላይ የደረሰውን። መታወቂያው ውስጥ ያለችውንም ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋት። አቶ ገረሱ እጃቸውን በፎጣ አደረቁና ተቀመጡ።

«እኔም ፈርሜበታለሁ» አሉ።

«እርስዎ አላወቁም።»

«ጠርጥሬ ነበር። ሃምሳ ሰባት በአሥር ቀን አርባ ሦስት እንዴት እንደሚሆን ደግሜ ብጠይቅህ የማልወደውን መልስ እሰማለሁ ብዬ ተውኩት። እንደ ልጄ ወድጄህ ነው፣ አየህ።» ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም፤ ለገሰን የጎዳው ይኸው ነው፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። «ማረሚያ ደብዳቤ ዛሬ እጽፋለሁ። ለበላይም አሳውቃለሁ፤ ሥራህን ልታጣ ትችላለህ። ግን እዚያ ደብዳቤ አይበቃም። ያንን ሰው ከሰው ያወጣው ወረቀት ነው፤ ሌላ ወረቀት ብንልክ ማን ያምነናል? ዓርብ ከቢሻው ጋር ሂድና በአፍህ ንገራቸው።»

ዓርብ ከሶላት በኋላ ደረሱ። ሰዉ ፓምፑ አጠገብ ተሰበሰበ፤ ሽማግሌዎቹ መሬት ላይ፣ ሴቶቹ ከኋላ ቆመው። ሰንሰለቱ ዝጓል። ከፓምፑ ሃያ እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ የቤት ምሰሶ የተነቀለባቸው ጉድጓዶች ይታያሉ፤ ዝናብ ሞልቷቸዋል። ከእነሱም በታች በድንጋይ የተደፈነ የመጸዳጃ ጉድጓድ አለ። ለገሰ አየው። ዝቅ ብሎ ነው ያለው። የልጅ ዓይን እንኳ የማይስተው ቁልቁለት ነው።

ኢዘዲን ተጠርቶ ከማዶ መጣ። ስድሳ የሚሞላው ቀጭን ሰው ነው፤ ከሰዉ ራቅ ብሎ ለብቻው ተቀመጠ፣ ማንም ጠጋ በል አላለውም። የጤና ረዳቱ ለስልጠና አሶሳ ሄዷል፤ ሽማግሌዎቹ አማርኛ አይችሉም። ማን ይተረጉማል ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። በመጨረሻ ኢዘዲን ተነሳ። ወርቅ ሊሸጥ አሶሳ ሲመላለስ የለመዳት አማርኛ አለችው።

«እኔ ይናገራል» አለ። «ሌላ የለም።»

ለገሰ መሬቱ ቢውጠው ወደደ። ሌላ ሰው ፈልጉ እንዳይል ሌላ ሰው የለም። የበደለው ሰው አጠገቡ መጥቶ ቆመ፣ አፉን አፉን እያየ ጠበቀው።

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብሎ ጀመረ።

ኢዘዲን አየው፣ ዞሮ ለሰዉ በበርታ ቋንቋ ተናገረ።

«ያን ዕለት የምለካበትን ነገር ደህና መሆኑን አልፈተሽኩም። ሳልለካ ቁጥር ጻፍኩ።»

ተረጎመ። ድምፁ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

«ውሃው ደህና ነው። ኋላ በትክክል ለክቼዋለሁ። ይህን ካወቅሁም ስድስት ሳምንት አልፎኛል፤ ለእንጀራዬ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ይህን ሲተረጉም ሰዉ አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ ምርኩዙን መሬት ላይ መታ። ቢሻው መኪናው አጠገብ ሆኖ አንገቱን ደፋ።

«መጸዳጃው ከላይ ይሁን ከታች አላየሁም። ከላይ ነው ብዬ ጻፍኩ።»

ኢዘዲን እዚህ ላይ አልዞረም። ዝቅ ባለ ድምፅ ለለገሰ ብቻ ተናገረ። «ታች ነው» አለ። «እኔ ቆፈረው። ውሃ ወደ ላይ አይሄድም፣ እኔ ያውቃል። ግን ወረቀት መጣ፣ ማኅተም አለው፣ የተማረ ሰው ጻፈው። ወላሂ፣ ዓይኔ ነው የተሳሳተ አልኩ። ራቢያ ቤት ሄድኩ። ልጅሽን እኔ ገደልኩ፣ ማሪኝ አልኩ። ጉልበቷን ያዝኩ።»

 ለገሰን ይቅር በለኝ የሚለው ቃል እንኳ አነሰበት፤ ይህ ሰው ላልሠራው በደል ይቅርታ ለምኗል። ኢዘዲን ግን መልስ አልጠበቀም፤ ወደ ሰዉ ዞሮ የለገሰን ቃል ብቻ ተረጎመ፣ የራሱን አልጨመረም።

«አቶ ኢዘዲን ምንም ጥፋት የለበትም» አለ ለገሰ። ጮክ ብሎ ነው ያለው። «ሕፃኑን የገደለው እሱ አይደለም።»

ኢዘዲን አልተረጎመውም።

«ንገራቸው እንጂ አባቴ።»

«ይሄን እኔ አይልም።»

«ለምን? ዋናው እኮ ይሄ ነው።»

«እኛ ጋ ሰው ለራሱ አይመሰክርም። ሌላ ሰው ይበል።»

ሰዉ የቀረውን ይጠብቃል፤ ሁለቱ ምን እንደሚነጋገሩ አያውቅም። ሽማግሌው «ምን አለ?» የሚል በሚመስል ቃል ጠየቀ። ኢዘዲን ራሱን ነቀነቀና ወደ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ። ለገሰ ብቻውን ቀረ፣ የሚያድነውን ቃል አፉ ውስጥ እንደያዘ፣ የሚሰማለት አጥቶ።

ከሴቶቹ መካከል አንዲት ከሃያ ብዙም የማትዘል ሴት ወደ ፊት ወጣች። ጥቁር ነጠላ ተከናንባለች። «መንጌ እስከ አምስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ» አለች። «ሰምቼሃለሁ። ራቢያ እባላለሁ።»

የሕፃኑ እናት መሆኗን ለማንም መንገር አላስፈለጋትም። ለገሰ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ራቢያ ወደ ሰዉ ዞራ ተናገረች። አጭር ነበር። ለገሰ ከመካከሉ «ኢዘዲን» የሚለውን ስም ብቻ ለየ። ኢዘዲን አንገቱን ደፍቶ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከጎኑ የነበረ አንድ ሰው ተነሳና አጠገቡ ሄዶ ተቀመጠ። ከዚያ ሌላው ሄደ። ምንም አይሉትም፣ ብቻ አጠገቡ ይቀመጣሉ።

ራቢያ ግን ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም። ዞራ ለገሰን ትክ ብላ አየችው።

«ታዲያ ልጄ በምን ሞተ?» አለችው።

ለገሰ አፉን ከፈተ። ሊል የሚችለው ብዙ ነበር፤ ትኩሳት፣ የሳንባ ነገር፣ ሲወለድ የነበረበት ሕመም። ያለውን ሁሉ ታምነው ነበር፤ የተማረ ሰው እንደሚታይ አድርጋ እያየችው ነው።

«አላውቅም» አለ።

ጥቂት ጠበቀች፣ ሌላ ቃል ይጨምር እንደሆነ። አልጨመረም። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረችና ያንንም ተረጎመችላቸው።